በሳምንት ሁለት ሳንቲም
የሜቶዲስት ሴቶች ኅብረት እንዴት ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሠራ?



በጎልማሶች የማታ ክፍል ስለ ሴት ልጆች ትምህርት ስንወያይ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። የልጅ ልጃቸው ሦስት ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀርታ ነበር። ምክንያቱ ትልቅ አልነበረም፤ ደብተር አልቆባታል፣ ሞዴስ የምትገዛበትም የላትም። ጎረቤቶች ትንሽ ትንሽ ቢያዋጡ ምን ይመስላችኋል? ብለን ስንጠይቅ እማማ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ እኛ ራሳችን ራሽን ጠባቂዎች ነን። ምን አለንና ነው ለሌላው የምንሰጠው?»

ክፍሉ ዝም አለ። እኛም ወዲያው የምንመልሰው አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለዚያ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። በጣም ትንሽ መዋጮ እየሰበሰቡ ትልቅ ሥራ ከሠሩት መካከል የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ኅብረት አንዱ ስለሆነ፣ እንዴት እንደ ተጀመረና እንዴት እንደሚሠራ እናስረዳለን። በመካከላችን ኦርቶዶክስም፣ ሙስሊምም፣ ፕሮቴስታንትም አለ። ዓላማችን ማንንም ከሃይማኖቱ ማንቀሳቀስ አይደለም። የአሠራሩን ዘዴ ግን ማንም ሊማርበት ይችላል።

ሜቶዲስት ማለት ምን ማለት ነው?

ሜቶዲስት የፕሮቴስታንት እምነት አንዱ ክፍል ነው። የተጀመረው በ18ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ አገር ሲሆን መሪው ጆን ዌስሊ የሚባሉ ቄስ ነበሩ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ እሳቸውና ጓደኞቻቸው የሚጸልዩበት፣ የሚያጠኑበትና እስረኞችን የሚጠይቁበት ሰዓት በሥርዓት የተወሰነ ስለ ነበር ሌሎች ተማሪዎች ቀልደውባቸው «ሥርዓተኞች» አሏቸው። ሜቶዲስት የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ስድቡ ስም ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1742 በብሪስቶል ከተማ የነበረው የዌስሊ ማኅበር የሕንፃ ዕዳ ነበረበት። አባላቱ ስለ ዕዳው ሲመካከሩ ካፒቴን ፎይ የሚባል ሰው አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ዕዳው እስኪያልቅ እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ፔኒ ይክፈል። ብዙዎቹ ድሆች ናቸው፣ ይህንንም አይችሉም ተባለ። እሱም በጣም ድሃ የሆኑትን አሥራ አንድ ሰዎች ለእኔ ስጡኝ፤ በየሳምንቱ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ ካላቸው ይሰጣሉ፣ ከሌላቸው እኔ እከፍልላቸዋለሁ ሲል መለሰ። ሌሎችም እንደሱ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሰው ወሰዱ።

ታዲያ መዋጮ ለመሰብሰብ ቤት ለቤት ሲዞሩ ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ተጣላ፣ ማን እንደ ተቸገረ አወቁ። ስለዚህ ዕዳውን ለመክፈል የታሰበው ነገር ሰው ከሰው የሚጠያየቅበት ቡድን ሆነ። የሜቶዲስት ትንንሽ ቡድኖች ሥር ይህ ነው። የሴቶቹም ኅብረት ያደገው ከዚህ ልማድ ነው።

በቦስተን፣ በዝናብ ቀን

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። እ.ኤ.አ. ማርች 1869 በቦስተን ከተማ በትሬሞንት መንገድ በሚገኝ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ተጠሩ። ቀኑ ዝናብና ነፋስ ስለ ነበረበት የመጡት ስምንት ብቻ ነበሩ። ከሕንድ አገር የተመለሱ ሁለት የሚስዮናውያን ሚስቶች፣ ወይዘሮ በትለርና ወይዘሮ ፓርከር፣ ያዩትን ነገሯቸው። በዚያን ጊዜ በሰሜን ሕንድ በብዙ ቤተሰቦች ሴቶች በመጋረጃ ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ ባዕድ ወንድ ሊያያቸው አይችልም። ስለዚህ ወንድ አስተማሪ አያስተምራቸውም፣ ወንድ ሐኪምም አይመረምራቸውም። ቢታመሙ እንደ ታመሙ ይቀራሉ። እነዚህን ሴቶች ማግኘት የሚችሉት ሴት አስተማሪና ሴት ሐኪም ብቻ ናቸው።

ስምንቱ ሴቶች ዛሬ ሰው ስላልመጣ ይቅር አላሉም። በዚያው ሰሞን የሴቶች የውጭ አገር ሚሲዮን ማኅበርን መሠረቱ።

ለምን ሁለት ሳንቲም?

ማኅበሩ ሲቋቋም የቤተ ክርስቲያኒቱ የሚሲዮን ቢሮ ወንዶች አልተደሰቱም። ሴቶቹ ገንዘብ ከሰበሰቡ ለእኛ የሚመጣው ይቀንሳል ብለው ሰጉ። በመጨረሻ የተስማሙት በአንድ ሁኔታ ነው፦ ሴቶቹ በቤተ ክርስቲያን አምልኮ ላይም ሆነ ወንድና ሴት በተሰበሰበበት ጉባኤ ገንዘብ አይለምኑም።

በሩ ተዘጋባቸው ማለት ይቻላል። እነሱ ግን ሌላ መንገድ አገኙ። አንዲት ሴት አባል ለመሆን በዓመት አንድ ዶላር ትከፍላለች። አንድ ዶላር በአንድ ጊዜ ለማውጣት ከባድ ቢሆንም በሳምንት ሁለት ሳንቲም ማስቀመጥ ግን ይቻላል። በሳምንት ሁለት ሳንቲም ሃምሳ ሁለት ጊዜ ሲደመር አንድ ዶላር ከአራት ሳንቲም ነው። «ሁለት ሳንቲምና አንድ ጸሎት በሳምንት» የሚለው አነጋገር የታወቀው ከዚህ የተነሳ ነው። ሚስት የባሏን ኪስ ሳትጠብቅ ከቤት ወጪ ልትቆጥበው የምትችለው ገንዘብ ነበር።

በዚያው ዓመት ወርሃዊ ጋዜጣም ጀመሩ። ዋጋው በዓመት ሠላሳ ሳንቲም ነበር። በሕንድና በቻይና የሚሠራውን እያነበቡ በየስብሰባቸው ይወያዩበት ነበር። የጋዜጣው የመጀመሪያ ስም ሌላ እምነት ያላቸውን ሴቶች ዝቅ አድርጎ የሚጠራ ስለ ሆነ ዛሬ ማንም አይወደውም፤ በኋላም ተለውጧል። ይህንን የምንጽፈው ሥራቸው ሁሉ እንከን የለሽ ነበር እንዳይባል ነው። የዘመኑ ሚሲዮን ብዙ ጊዜ የሌላውን ባህል ይንቅ ነበር። ሆኖም ማንበብና መወያየት ሴቶቹን ራሳቸውን አስተማረ፤ ሂሳብ መያዝ፣ ስብሰባ መምራት፣ በሰው ፊት መናገር ለመዱ።

ሁለቱ የመጀመሪያ ሴቶች

የተሰበሰበው ገንዘብ ትንሽ ስለ ነበር አንድ ሰው እንኳ ለመላክ አይበቃም የሚል ክርክር ተነሳ። ከመካከላቸው አንዷ ተነስታ፣ ሰው በገንዘብ ምክንያት ከሚቀር ርካሽ የጥጥ ቀሚስ ለብሰን በቦስተን መንገድ ብንሄድ ይሻላል አለች ይባላል። አንድ ሳይሆን ሁለት ሰው ለመላክ ተወሰነ። በኖቬምበር 1869 አስተማሪዋ ኢዛቤላ ቶበርንና ሐኪሟ ክላራ ስዌን በመርከብ ተሳፈሩ፤ በጥር 1870 ሕንድ ደረሱ።

ኢዛቤላ ቶበርን በሚያዝያ 1870 በላክናው ከተማ ገበያ ውስጥ በአንድ ክፍል ስድስት ልጃገረዶችን ይዘው ማስተማር ጀመሩ። ሰዎች ይረብሻሉ ተብሎ ስለ ተፈራ በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ዱላ የያዘ ጠባቂ ቆሞ ነበር ይባላል። ያቺ ክፍል አድጋ በ1886 የኮሌጅ ትምህርት መስጠት ጀመረች። ኢዛቤላ በ1901 በኮሌራ እዚያው ላክናው አረፉ። ኮሌጁ ዛሬም በስማቸው ይጠራል።

ዶክተር ክላራ ስዌን ደግሞ ባሬይሊ በምትባል ከተማ ሴቶችንና ሕፃናትን ማከም ጀመሩ። ብቻቸውን እንደማይችሉት ስላወቁ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የአገሩን ልጃገረዶች ሕክምና ማስተማር ያዙ። ለሆስፒታል ቦታ ሲፈለግ የራምፑር ገዢ የሆኑት ሙስሊም ናዋብ ተጠየቁ። ትንሽ መሬት ቢለመኑ ሰፊ ርስት ከነቤቱ በነፃ ሰጡ። ሆስፒታሉ በ1874 ተከፈተ። በእስያ ለሴቶች ከተሠሩት ሆስፒታሎች የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። የክርስቲያን ሴቶች ሳንቲምና የሙስሊም ገዢ መሬት አንድ ላይ ሆነው ነው የሠሩት።

የአንዲት እናት ስጋት

ሌላም ምሳሌ አለ። ይኸው የሴቶች ማኅበር ሜሪ ስክራንተን የተባሉትን ሴት ወደ ኮሪያ ላከ። በ1886 በሴኡል ትምህርት ቤት ሲከፍቱ አንድ ተማሪ ብቻ ነበረቻቸው። ቀጥሎ አንዲት ድሃ እናት ልጇን አመጣች። ጎረቤቶቿ ግን ይህቺ ፈረንጅ ልጅሽን አገሯ ይዛት ትሄዳለች እያሉ አስፈራሯት። እናትየዋ ልጇን ለመውሰድ ተመልሳ መጣች። ሜሪ ስክራንተን አልተቆጡም፤ ያለ እናቷ ፈቃድ ልጅቷን ከአገር እንደማያስወጡ በጽሑፍ ፈርመው ሰጧት። ልጅቷ ቀረች። ያ ትምህርት ቤት ዛሬ ኢህዋ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ነው።

ወላጅ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት አልልክም ሲል ሁልጊዜ አላዋቂ ሆኖ አይደለም። ይፈራል። ፍርሃቱን ሰምቶ ቃል መግባትና ቃልን መጠበቅ ያስፈልጋል።

በአፍሪካስ?

በደቡብ አፍሪካ የሜቶዲስት ሴቶች ማኅበር ማንያኖ ይባላል። ቃሉ በኮሳ ቋንቋ አንድነት ማለት ነው። ሴቶቹ ቀይ ሸሚዝ፣ ጥቁር ጉርድ ቀሚስ፣ ነጭ ኮሌታና ነጭ ቆብ ይለብሳሉ። የሚሰበሰቡት በተለምዶ ሐሙስ ነው። ለምን ሐሙስ? በነጮች ቤት ሠራተኛ ሆነው ለሚኖሩ ብዙ ሴቶች የዕረፍት ቀናቸው ሐሙስ ከሰዓት ስለ ነበረ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ሲታዘዙ የከረሙ ሴቶች በዚያች ቀን ይጸልያሉ፣ ያለቅሳሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ ለሐዘንተኛ ያዋጣሉ። የራሳቸውን ሊቀመንበርም ይመርጣሉ።

እዚህ ኬንያም ሜቶዲስት ከ1862 ጀምሮ አለ። ነገሩ ከአገራችን ጋር ይያያዛል። ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የተቀመጡት ዮሐን ክራፕፍ የተባሉት ጀርመናዊ ሚስዮናዊ የእንግሊዝ ሜቶዲስቶችን ወደ ሞምባሳ አካባቢ መርተው አመጡ። አሳባቸው ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ለመድረስ ነበር። ከመጡት አንዱ ቶማስ ዌክፊልድ የኦሮሞን ቋንቋ አጥንተዋል። የኬንያ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን በ1967 ራሷን ችላለች።

በአሜሪካ ያለው የሴቶች ኅብረትም ስሙን እየለወጠ ቀጥሏል። ከ1972 ጀምሮ የተባበሩት ሜቶዲስት ሴቶች ይባል ነበር። ከ2022 ወዲህ ደግሞ በእምነት የተባበሩ ሴቶች በሚል ስም ይሠራል።

አሠራሩ በአጭሩ

እነዚህ ቡድኖች በየአገሩ ቢለያዩም አምስት ነገር ያመሳስላቸዋል።

1. ቀኑ የታወቀ ነው። ስምንትም ሰው ይምጣ ሰማንያ፣ ስብሰባው አይቀርም።

2. መዋጮው በጣም ትንሽ ነው፤ ድሃዋም እንዳትሸማቀቅ። የማትችለው ካለች ሌላዋ በዝምታ ትከፍልላታለች።

3. ሂሳቡ ይጻፋል፣ በሁሉም ፊት ይነበባል። ገንዘብ ያዧና ጸሐፊዋ የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

4. ያነባሉ። የማታነበው ታዳምጣለች፣ ቀስ በቀስም ትማራለች።

5. ይጠያየቃሉ። የቀረች አባል ቤቷ ድረስ ሰው ይሄድላታል።

ይህን ሁሉ ለክፍሉ ካስረዳን በኋላ እማማ ሳቁ። «ይሄማ የእኛው ማኅበርና ዕድር ነው እኮ! እኛ አገር ቤት ትተነው መጣን እንጂ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ዕቁብ፣ ዕድር፣ ማኅበር ለኛ አዲስ አይደለም። ልዩነቱ አንድ ነው፦ የዕድሩ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። እነዚያ ሴቶች ግን ልጅ ለማስተማርም አወጡት፤ ያውም ለማያውቋት ልጅ።

በሚቀጥለው ሳምንት አሥራ አንድ ሴቶች ስማቸውን አስጻፉ። በሳምንት አምስት ሽልንግ ተስማሙ፤ ሁለቱ ለጊዜው አንችልም ስላሉ ሌሎቹ ሸፈኑላቸው። የመጀመሪያው ገንዘብ ለደብተርና ለሞዴስ ዋለ። ልጅቷ ሰኞ ክፍል ገብታለች። የወደፊቱን አብረን እናያለን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

በብሎካችሁ ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ አለች? ምክንያቱን ቤቷ ሄዶ የጠየቀ ሰው አለ?

መዋጮ ብትጀምሩ በጣም የተቸገረችው ጎረቤታችሁ ሳታፍር ልትከፍል የምትችለው ስንት ነው?

ሂሳቡን ማን ይይዛል? ማንስ ያነብባል?

በቡድን ተወያዩበትና መልሳችሁን በጽሑፍ ወይም በቃል አድርሱን። መጻፍ የማይችል ሰው ለተማሪ ይንገርና ተማሪው ይጻፍለት። ቸር ይግጠመን።