የውጭ የስክሪፕት ላይብረሪዎች፦ ተረትና እውነታ

ድረ ገጽ የሚሠራ ባለሙያ ሁሉንም ኮድ ራሱ አይጽፍም። የቀን መምረጫውን፣ የሥዕል ማሳያውን፣ የክፍያ ቅጹን ሌሎች ከጻፏቸው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎች ይወስዳል። በሪያድ ዑለያ፣ የመምለካና የፈይሰሊያ ማማዎች በቆሙበት የንግድ ሰፈር፣ በካርድ የሚሸጥ ሱቅ ድረ ገጽ ሲያሠራም ነገሩ ያው ነው። መዋሱ ነውር የለውም። ስለ አዋዋሱ የሚነገረው ግን ብዙው ስሕተት ነው።

ተረት፦ ላይብረሪን ከውጭ ሰርቨር በቀጥታ መጥራት ገጹን ያፈጥናል።

እውነታ፦ ድሮ አንድ ድረ ገጽ ያስወረደውን፣ ለምሳሌ ጄኩዌሪ የተባለውን ላይብረሪ፣ ሌላው ከብራውዘሩ ማከማቻ ያገኘው ነበር። ክሮም በ2020፣ ፋየርፎክስ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ማከማቻውን ለየድረ ገጹ ስለከፋፈሉት ያ ጥቅም ቀርቷል። ጉዳቱ ግን አለ፤ በሴፕቴምበር 2025 ጂዳ አቅራቢያ የባሕር ኬብሎች ሲበጠሱ ኢንተርኔት ተጎትቷል። በእንዲህ ያለ ቀን ስክሪፕቱን ከባሕር ማዶ የሚጠብቅ ገጽ ይንገታገታል።

ተረት፦ አድራሻው የታወቀ ከሆነ አያሰጋም።

እውነታ፦ ፖሊፊል የታወቀ ነበር። ለአሮጌ ብራውዘሮች የጎደላቸውን ኮድ ይሞላ የነበረው ይህ አገልግሎት በፌብሩዋሪ 2024 ዶሜይኑ ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። የአገልግሎቱ መሥራች አንድሩ ቤትስ ባለ ድረ ገጾች ፈጥነው እንዲያወጡት አስጠነቀቀ። በጁን ስክሪፕቱ የስልክ ተጠቃሚዎችን ወደ ቁማር ገጾች ሲመራ ተገኘ፤ ከ100,000 በላይ ድረ ገጾች ይጠሩት ነበር። ባለቤቶቹ በገጻቸው ላይ አንዲት ፊደል አልለወጡም። እንዲህ የገባ ስክሪፕት በዚያው ገጽ ላይ የሚጻፍ የካርድ ቁጥርንም ማንበብ ይችላል፤ አደጋው እስከዚህ ይደርሳል።

መፍትሔው ላይብረሪውን በራስ ሰርቨር ማስቀመጥ ነው። ከውጭ መጥራት ግድ ከሆነ የፋይሉ ሃሽ፣ ማለትም ከይዘቱ የሚሰላ አሻራ፣ በገጹ ኮድ ላይ ይጻፋል፤ ፋይሉ ከተለወጠ ብራውዘሩ አያስኬደውም። ፖሊፊል ለየብራውዘሩ የተለያየ ኮድ ይልክ ስለነበር ይህ መከላከያ አልሠራለትም። ሃሽ የማይቀበል ስክሪፕት ክፍያ ገጽ ላይ ሊገባ አይገባም።

ተረት፦ ትንሽ ላይብረሪ ትንሽ አደጋ ነው።

እውነታ፦ በማርች 2016 ሌፍት ፓድ የተባለ 11 መስመር ኮድ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎች ማከማቻ ከሆነው ከኤንፒኤም ሲነሣ፣ በዓለም ዙሪያ በእሱ የሚመኩ የብዙ ፕሮግራሞች ግንባታ ቆሟል።

ተረት፦ ሁልጊዜ አዲሱን ሥሪት መውሰድ ይሻላል፤ ወይም በተቃራኒው፣ የሚሠራን ነገር መንካት አያስፈልግም።

እውነታ፦ ሁለቱም ያሳስታሉ። በሴፕቴምበር 2025 ቾክና ዲበግ የተባሉ ላይብረሪዎች ተንከባካቢ አካውንት በአታላይ ኢሜይል ተሰርቆ፣ የክሪፕቶ ገንዘብ የሚሰርቅ ኮድ ያለባቸው ሥሪቶች ወጥተዋል። አዲሱን በራሱ የሚያወርድ ፕሮግራም ለእንዲህ ያለው በሩን ይከፍታል። ጄኩዌሪን ከ3.5.0 በታች የተወ ደግሞ በኤፕሪል 2020 የተደፈነውን ቀዳዳ ክፍት ትቷል። ሥሪቱ ቁጥሩን በሚመዘግብ የመቆለፊያ ፋይል ይታሰር፤ ሲለወጥም ተፈትሾ ይለወጥ።

ተረት፦ ጥፋት ቢመጣ ተጠያቂው የላይብረሪው ጸሐፊ ነው።

እውነታ፦ አብዛኞቹ ነጻ ፈቃዶች ኮዱን ያለ ምንም ዋስትና ይሰጣሉ። የካርድ ክፍያ ደኅንነት ደረጃው፣ ፒሲአይ ዲኤስኤስ፣ ከማርች 31 ቀን 2025 ወዲህ በክፍያ ገጽ ላይ የሚሠራው ስክሪፕት ሁሉ ተመዝግቦ፣ ተፈቅዶና አለመለወጡ ተረጋግጦ እንዲገኝ ግዴታ አድርጓል። ግዴታውም ደረጃው በሚመለከተው በባለ ሱቁ ላይ ነው።