ባርኑን ከመንካትህ በፊት

ወንድሜ፣ ፎቶውን ያሳየኸኝን ያን የእንግሊዝ ገጠር ባርን ወድጄዋለሁ። ድርቆሽና እህል ይከማችበት የነበረው ሰፊ የድንጋይ ቤት በገዛ እጅህ ታድሶ የእረፍት ቤት ቢሆን፣ ለእንግዳም ቢከራይ ደስ ይላል። እኔ በዚህ ሥራ የከረምኩ ነኝና፣ ግንበኞች ባለቤቱ ዞር ሲል የሚያወሩትን በጆሮህ ልንገርህ።

መጀመሪያ መዶሻህን አስቀምጥ። የእርሻ ሕንፃን ያለ ሙሉ የግንባታ ፈቃድ ወደ መኖሪያ የሚያስቀይር «ክላስ ኪው» የሚሉት መንገድ አለ። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አይሠራም፤ በሚሠራበት ቦታም ቢሆን ማዘጋጃ ቤቱ አስቀድሞ ማየት አለበት። ሕጉ የሚፈቅደው ያለውን መቀየር ነው፣ አዲስ መሥራትን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ሦስት ጎኑ ክፍት የሆነን ባርን ወደ ቤት መለወጥ አዲስ ግንባታ ነው ብሎ የባለቤቱን አቤቱታ ሳይቀበል ቀርቷል። ስለዚህ «ይቺ ግድግዳ ዘማለች፣ አፍርሼ ልደርድራት» እንዳትል። ግድግዳው ከወረደ ፈቃዱም አብሮት ይወርዳል።

ጣሪያው ውስጥ የሌሊት ወፍ ካለ ደግሞ ቀንህን የምትቆርጠው አንተ አይደለህም። ማደሪያቸውን ያለ ፈቃድ ማፍረስ፣ እነሱ በሌሉበት ወቅት እንኳ፣ ወንጀል ነው። ለፈቃዱ ባለሙያ ሲወጡና ሲገቡ የሚቆጥራቸው ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ ነው፤ በኦክቶበር ባለሙያ ከጠራህ እስከ መጪው ሜይ ትጠብቃለህ። ብዙ ሰው ዓመቱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ገንዘቡ፦ ቤቱን ራሱ እየሠራ ለሚኖርበት ሰው የዕቃ ቫት የሚመለስበት አሠራር አለ። ለማከራየት ከሆነ ግን በዚህ አሠራር አይመለስም፤ በጀትህን ከወዲሁ በዚያ ልክ ያዘው።

ግድግዳውን በሲሚንቶ እንዳትለስነው፣ አደራ። የድሮ ድንጋይ በኖራ ነው የተያያዘው፤ የጎንደር ግንቦችም እንደዚያው። ኖራ እርጥበትን ወደ ውጭ ይለቃል፤ ሲሚንቶ ውስጥ ያፍነዋል፣ ከዚያ ድንጋዩ ይበላል፣ እንጨቱም ይበሰብሳል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ወለሉ ነው። ሙቀት መከላከያ ለማንጠፍ ወደ ታች መቆፈር ያምርሃል። እነዚህ ባርኖች ግን ብዙ ጊዜ መሠረታቸው ጥልቀት የለውም፤ ከግርጌው አፈር ሲነሳ ግድግዳው ይንሸራተታል። ቅዳሜ አካፋ ይዤ እመጣለሁ። ጥግ ላይ አንድ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍረን፣ የታችኛው ድንጋይ የት ላይ እንደሚያልቅ አብረን እናያለን።