ቁጥር የማይበዛበት ሒሳብ፦ የሎይድ ሻፕሊ የምርምር ሥራ

«ሒሳብ ምንድን ነው?» ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን «ቁጥርና ቀመር ነዋ!» ብለን ሳንመልስ አንቀርም። መልሱ ውሸት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነን በ1962 ሁለት አሜሪካውያን የሒሳብ ሊቃውንት፣ ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ፣ ያሳተሙት የሰባት ገጽ ጽሑፍ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጽሑፉ ዋና ማረጋገጫ የቀረበው በተራ ቋንቋ ነው፤ ስሌት የለበትም። ሆኖም ዛሬ በአሜሪካ በሺህ የሚቆጠሩ ሐኪሞችና ተማሪዎች የሚመደቡት በዚያው ሐሳብ ላይ በተመሠረተ አሠራር ነው። እንዴት ሆኖ? ቀጥለን እንመልከት።

ሎይድ ሻፕሊ በ1923 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በካምብሪጅ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሃርሎ ሻፕሊ ስመ ጥር የከዋክብት ተመራማሪ ነበር። ልጁ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ሲማር ሳለ በ1943 ለውትድርና ተጠራና ወደ ቻይና፣ ቼንግዱ ወደምትባል ከተማ ተላከ። እዚያም የሶቪየት ኅብረት የአየር ጠባይ ዘገባ የሚተላለፍበትን ምስጢራዊ ምልክት ፈትቶ ሜዳይ ተሸለመ። ከጦርነቱ በኋላ ትምህርቱን በ1948 ጨርሶ ራንድ በተባለ የምርምር ድርጅት ገባ። በ1953 ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለ፤ ከዚያም ወደ ራንድ ተመልሶ እስከ 1981 ድረስ ሠራ። በመጨረሻም በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ።

የሥራው መስክ ሁለት ዘርፎችን ያገናኛል። አንደኛው ኦፕሬሽንስ ሪሰርች ይባላል። ይኸውም ያለው ሰው፣ መሣሪያና ጊዜ እንዴት ቢመደብ የተሻለ ውጤት እንደሚገኝ የሚመረምር ሲሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ የተስፋፋ ነው። ሁለተኛው የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ነው። እዚህ ላይ «ጨዋታ» ሲባል ቼዝና ካርታ ብቻ አይምሰለን። ገበያም፣ ድርድርም፣ ምርጫም፣ የአንዱ ዕጣ በሌላው ውሳኔ ላይ የሚወሰንበት ነገር ሁሉ ጨዋታ ነው። ለዚህ ዘርፍ መሠረት የጣለው ጆን ፎን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንስተርን በ1944 ያሳተሙት መጽሐፍ ነው።

ሻፕሊ በ1953 ያነሣው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፦ ብዙ ሰዎች ተባብረው አንድ ጥቅም ቢያገኙ ለእያንዳንዱ ስንት ይገባዋል? መልሱ ይህ ነው፤ ሰዎቹ በሚቻለው ቅደም ተከተል ሁሉ አንድ በአንድ ሲገቡ እናስባለን፤ እያንዳንዱ ሲገባ የጨመረውን እንመዘግባለን፤ ከዚያም አማካዩን እንወስዳለን። በሚቀጥለው ዓመት ከማርቲን ሹቢክ ጋር ሆኖ ይህንኑ ሐሳብ ለድምፅ አሰጣጥ አዋለው።

ምሳሌ እንውሰድ። ሦስት ሰዎች 50፣ 49 እና 1 ድምፅ አላቸው እንበል። ለማሸነፍ 51 ያስፈልጋል። ሦስቱ ሊሰለፉ የሚችሉባቸው ቅደም ተከተሎች 6 ናቸው። በእያንዳንዱ ሰልፍ ድምፁን 51 ያደረሰው ማነው? እያልን ብንቆጥር ባለ 50ው 4 ጊዜ፣ ባለ 49ኙ 1 ጊዜ፣ ባለ 1ዱም 1 ጊዜ ሆኖ እናገኘዋለን። ወረቀት አውጥታችሁ ሞክሩት! ባለ 49ኙ ከባለ 1ዱ የበለጠ ጉልበት የለውም ማለት ነው፤ ሁለቱም ያለ ባለ 50ው ምንም ማድረግ አይችሉምና። የድምፅ ብዛትና የመወሰን ኃይል አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ 1962ቱ ጽሑፍ እንመለስ። ጥያቄው ተማሪዎችን ለኮሌጆች መመደብ ነው። ሦስት ተማሪዎች፣ ሀ፣ ለ እና መ፣ አሉ። ሦስት ኮሌጆች፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብና ደቡብ፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቦታ አላቸው። የተማሪዎቹ ምርጫ በቅደም ተከተል ይኸውና፦

ሀ፦ ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ደቡብ
ለ፦ ምሥራቅ፣ ደቡብ፣ ምዕራብ
መ፦ ምዕራብ፣ ምሥራቅ፣ ደቡብ

ምሥራቅ ኮሌጅ በበኩሉ መጀመሪያ መን፣ ቀጥሎ ለን፣ መጨረሻ ሀን ይመርጣል። ምዕራብ መጀመሪያ ሀን፣ ቀጥሎ መን፣ መጨረሻ ለን ይፈልጋል። ደቡብ የመጣለትን ይቀበላል።

ደንቡ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ተማሪ የመጀመሪያ ምርጫውን ይጠይቃል። ኮሌጁ ከጠየቁት ውስጥ የሚሻለውን በጊዜያዊነት ይይዛል እንጂ ጨርሶ አይቀበልም፤ ሌሎቹን ይመልሳል። የተመለሰው ቀጣዩን ምርጫ ይጠይቃል። ታዲያ ሀ እና ለ ምሥራቅን፣ መ ምዕራብን ጠየቁ። ምሥራቅ ለን ይዞ ሀን መለሰ። ሀ ወደ ምዕራብ ሄደ፤ ምዕራብም ሀን ይዞ መን መለሰ። መ ወደ ምሥራቅ ሄደ፤ ምሥራቅ መን ይዞ ለን መለሰ። ለ ወደ ደቡብ ሄዶ ቦታ አገኘ። አለቀ።

ልብ በሉ፤ ከሦስቱ አንዱም የመጀመሪያ ምርጫውን አላገኘም! ታዲያ ምኑ ላይ ነው ጥሩነቱ? «ሀ እና መ ቢለዋወጡ ሁለቱም የመጀመሪያ ምርጫቸውን ያገኙ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ያገኛሉ፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ምሥራቅ ከሀ ይልቅ ለን ይፈልጋል፤ ለም ምሥራቅን ይፈልጋል። ሁለቱ በጓሮ ተስማምተው ምደባውን ያፈርሱታል። በደንቡ በተገኘው ምደባ ግን እንዲህ ያለ ጥንድ አይገኝም። ሊቃውንቱ የጸና ምደባ የሚሉት ይህን ነው።

ይህ በምሳሌያችን ብቻ የሆነ አጋጣሚ ነውን? አይደለም፤ ማረጋገጫውም እነሆ፦ አንድ ተማሪ ካገኘው ይልቅ ሌላ ኮሌጅ ይመርጥ የነበረ ከሆነ፣ ያንን ኮሌጅ ቀደም ብሎ ጠይቆ ተመልሷል ማለት ነው። ኮሌጁ የመለሰው የተሻለ ስላገኘ ነው፤ ከዚያም ወዲህ የያዘውን የለወጠው ይበልጥ በሚፈልገው ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ተመልሶ ያንን ተማሪ አይሻም። የተማሪውም ዝርዝር ማለቂያ ስላለው ሥራው የግድ ያበቃል። በቃ፤ ማረጋገጫው ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳይዘነጋ። ጠያቂው ወገን ይጠቀማል፤ ማን ይጠይቅ የሚለው ውሳኔ ራሱ ፍርድ ነው። ከ1952 ጀምሮ የአሜሪካ ጀማሪ ሐኪሞች ወደ ሆስፒታል የሚመደቡበት አሠራር በመሠረቱ ተመሳሳይ መሆኑንና ለሆስፒታሎቹ የሚያደላ መሆኑን አልቪን ሮት የተባለ ምሁር በ1984 አሳየ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይም ጠያቂው ወገን ሐኪሞቹ እንዲሆኑ ተስተካከለ። የኒው ዮርክ ከተማም ከ2003 ወዲህ ተማሪዎችን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለመመደብ ይህንኑ ዘዴ ወሰደች።

ሻፕሊና ሮት በ2012 በኢኮኖሚክስ የኖቤል መታሰቢያ ሽልማት ተቀበሉ። ጌል በ2008 ስለ ሞተ አልደረሰበትም። የ89 ዓመቱ ሻፕሊ ግን ራሱን የሚቆጥረው እንደ ሒሳብ ሰው እንደሆነና የኢኮኖሚክስ ትምህርት ተምሮ እንደማያውቅ ተናገረ። በ2016 በ92 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ ነገ በየክፍላችን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስንቆም «እኔ ቁጥር አይገባኝም» የሚል ልጅ አይጠፋም። ያን ልጅ ሰነፍ ከማለታችን በፊት የሦስቱን ተማሪዎች ምደባ እንስጠው። «ለምን?» ብሎ ከጠየቀና ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ ካስረዳን፣ ሒሳብ ሠርቷል።