የጣና ጠብታና የአልቦ ድርሻ

ከባሕር ዳር ከተማ ወጣ ብሎ በጣና ዳር የቆመ ሰው፥ ዓይኑ እስከ ደረሰበት ድረስ ውሃ ብቻ ሲያይ «ይህስ ወሰን የለውም» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ወሰን የለውም ማለትና ወሰኑን አለማየት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። እስቲ አንባቢያን ሆይ፥ እርሳስና ወረቀት ያዙና አብረን እንቁጠረው።

የሐይቁ ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አማካይ ጥልቀቱም ወደ 9 ሜትር ይጠጋል። ሁለቱ ሲባዙ 27 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናሉ። አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 20 ጠብታ ነው ብንል፥ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 20 ሚሊዮን ጠብታ አለ። እንግዲህ የጣና ጠብታ በጠቅላላው 540,000,000,000,000,000 ያህል ነው ማለት ነው። ክረምት ሲገባ ይጨምራል፤ በበጋ ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ ቁጥር ነው። አንድ እረኛ በእፍኙ ቀድቶ ቢጠጣ እንኳ ያንኑ ያህል ይጎድላል።

በጥንት ዘመን የሰራኩሱ አርኪሜዴስ ለንጉሥ ጌሎን በጻፈው መጽሐፍ፥ ዓለም ሁሉ በአሸዋ ቢሞላ የቅንጣቱ ብዛት ከ1 ቀጥሎ 63 ዜሮ ከሚጻፍለት ቁጥር እንደማይበልጥ አስልቶ አሳይቷል። መነሻው በግሪኮች ዘንድ ትልቁ የቁጥር ስም የነበረው እልፍ፥ ማለት 10,000 ነው። የእኛም የግዕዝ አኃዝ ከግሪክ ፊደል የተወለደ እንደ መሆኑ፥ ለዚሁ ለእልፍ ፼ የሚባል የራሱ ምልክት አለው። ከአርኪሜዴስ አሸዋ አጠገብ የጣናችን 18 አኃዝ እጅግ ጥቂት ነው። ሆኖም ያ ሁሉ አሸዋ ራሱ ወሰን አለው።

ወሰን የለሽ የሚባለው በቁጥሮች ሰልፍ ጫፍ ላይ የቆመ አንድ ግዙፍ ቁጥር አይደለም፤ ሰልፉ ጫፍ የሌለው መሆኑን የሚገልጽ ስም ነው። 1ን ከ2፥ 2ን ከ4፥ 3ን ከ6 ጋር እያጋባን ብንሄድ፥ ተጋማሽ ቁጥሮች ከሙሉ ቁጥሮች ሁሉ ጋር እኩል ሆነው ይገኛሉ። ጀርመናዊው ጌኦርግ ካንቶርማ በ1874 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ አንዱ ወሰን የለሽ ከሌላው ወሰን የለሽ እንደሚበልጥ አረጋግጧል፤ ይህ ግን ራሱን የቻለ ሰፊ ጉዳይ ስለሆነ እንለፈው።

አሁን ወደ ታናሹ እንመለስ። የግዕዝ አኃዝ ለዜሮ ምልክት የለውም። ይሁንና ሊቃውንቱ ነገሩን አያውቁትም ነበር ማለት አይደለም። የጣና ደሴቶች ገዳማትም ሆኑ ሌሎቹ አጽዋማትንና በዓላትን በሚያወጡበት በባሕረ ሐሳብ፥ 2006 ዓ.ም.ን እንመልከት። 5,500 ሲደመርበት 7,506 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ያችም «ለዘመን» ተብላ ትቀነሳለች። ምን ቀረ? ምንም። ወንበሩም አበቅቴውም አልቦ ሆነ፤ መጥቅዑም 30። አልቦ ማለት የለም ማለት ነው፤ ምልክት ባይኖረውም ስም አለው፤ ሥራም ይሠራል።

አልቦ ሲደመርም ሲባዛም ጭምት ነው፤ ጠብ የሚያነሣው አካፋይ ሲሆን ነው። ዓሣ አጥማጁ 12 ዓሣ ለ4 ሰው ቢያካፍል ለእያንዳንዱ 3 ይደርሰዋል። ለ0 ሰውስ? አንዱ ተማሪ «0» ይላል፤ ሌላው «12ቱ እንዳለ ይቀራል» ይላል፤ ደፋሩ ደግሞ «ወሰን የለሽ ነው» ይላል። ማካፈል የሚፈተነው በማባዛት ነው። 3 ጊዜ 4 12 ነው፤ በ0 ተባዝቶ 12 የሚሆን ቁጥር ግን ከቶ የለም።

ደፋሩ ጥቂት እውነት ይዟል። 12 ለግማሽ ሲካፈል 24፥ ለአንድ አሥረኛ 120፥ ለአንድ ሺኛ 12,000 ይሆናል፤ እያደገ ይሄዳል። ሕንዳዊው ባስካራም በ12ኛው መቶ ዓመት መልሱን ወሰን የለሽ ብሎታል። ነገር ግን ከዜሮ በታች ካሉት ቁጥሮች ተነሥተን ወደ ዜሮ ብንቀርብ፥ መልሱ በተቃራኒው ወደ ታች ይወርዳል። አንድ ጥያቄ ሁለት ተቃራኒ መልስ ሲሰጥ፥ በተራው ሒሳብ ያለው መፍትሔ ጥያቄውን አለመቀበል ነው።

ይህ የተማሪ ጨዋታ እንዳይመስል፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ዮርክታውን በተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ አንድ ባሕረኛ በኮምፒዩተሩ 0 አስገባ። ኮምፒዩተሩ በዚያው ለማካፈል ሲሞክር ሥርዓቱ ተሰናክሎ፥ መርከቢቱ መንቀሳቀሻ ኃይል አጥታ ከሁለት ሰዓት በላይ ተገትራ ቆየች።

መርከብ የቆመ እንደሆነ ሁሉም ያያል። በጽሕፈት ቤት ግን እንዲህ ያለው ስሕተት ድምፅ የለውም። አንድ ወረዳ 40,000 ሕዝብና 2 ሐኪሞች አሉት እንበል፤ ለአንድ ሐኪም 20,000 ሰው ይደርሳል። ጎረቤቱ ወረዳም 40,000 ሕዝብ አለው፤ ሐኪም ግን የለውም። ሠንጠረዡን የሚያዘጋጀው ወጣት ሹም ማካፈሉ እንቢ ሲለው በባዶው ቦታ 0 ጻፈበት። ዝርዝሩ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደር፥ ሐኪም የሌለው ወረዳ ከሁሉ የተሻለ ሆኖ በአንደኛ ተራ ይቀመጣል፤ ሐኪም የሚመድበውም ክፍል አይቶ ያልፈዋል። በዚያ ቦታ ሊጻፍ የሚገባው የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ቃል ነበር፤ አልቦ ሐኪም።