የሳይንስ ፊልም ለአካባቢ ጥበቃ ትምህርት፤ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ስለሚኖረው አጠቃቀም

መግቢያ

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የሚሰጠው የአካባቢ ጥበቃ ትምህርት ከሌሎች የሳይንስ ክፍሎች የሚለይበት አንድ ችግር አለው። የኬሚካል ለውጥ በአንድ ክፍለ ጊዜ በቤተ ሙከራ ሊታይ ይችላል፤ የአንድ ተራራ መራቆትና መልሶ ማገገም ግን የብዙ ዓመታት ጉዳይ ነው። ይህን የጊዜ ርቀት ለማጥበብ ፊልምን የሚያህል የትምህርት መርጃ መሣሪያ አይገኝም። ሆኖም ጊዜን ማሳጠሩ የፊልም ጥቅም የመሆኑን ያህል ጉድለቱም ነው። አሠልጣኙ ይህን ካላስተዋለ፣ ሠልጣኙ በፊልሙ ይደነቃል እንጂ ከፊልሙ አይማርም።

ፊልሙ የሚያሳየውና የሚያልፈው

ለምሳሌ ያህል በጆን ሊዩ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ2009 የቀረበውን «ተስፋ በሚለዋወጥ የአየር ንብረት» የተሰኘ ፊልም መመልከት ይቻላል። ፊልሙ በዋናነት የቻይናን የሎይስ አምባ የሚመለከት ሲሆን፣ በኢትዮጵያና በሩዋንዳ የተገኙ ውጤቶችንም ያሳያል። የሎይስ አምባ 640,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ነፋስ ባመጣው ደቃቅ አፈር የተሸፈነ ምድር ነው። ለብዙ ዘመን ሲታረስና ሲጋጥ በመኖሩ ተራቁቶ፣ ቢጫ ወንዝ ስሙን ያገኘበትን ደለል ሲመግብ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 በዓለም ባንክ ድጋፍ ሰፊ የተፋሰስ ልማት ተጀመረ፤ አዘጋጁም ከ1995 ጀምሮ እየተመላለሰ አምባውን በፊልም ቀርጿል።

ተመልካቹ በመጀመሪያ የተራቆተ ኮረብታ ያያል፤ ጥቂት ቆይቶ ኮረብታው ለምልሞ ይቀርብለታል። በመካከል ያሉት ዓመታት፣ የተሠሩት እርከኖችና ከግጦሽ የታገዱት ከብቶች በአጭሩ ይታለፋሉ። ስለዚህ ሠልጣኙ «ዛፍ ሲተከል አገር ይለመልማል» የሚል አጭር ትምህርት ብቻ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ነገሩ ግን የሚጀምረው ከውሃ ነው። እርከን የዳገቱን ርዝመት ስለሚቆራርጠው ጎርፉ ጉልበት አያገኝም፤ ዝግ ብሎ የሚወርድ ውሃ ወደ አፈሩ ለመስረግ ጊዜ ይኖረዋል፤ ያልተጋጠ ሣር የዝናቡን ጠብታ ኃይል ያበርዳል፤ የረገፈ ቅጠል እርጥበቱን ያቆያል። የተተከለው ችግኝም የሚጸድቀው በአብዛኛው ይህ ሲሟላ ነው።

የአቀራረብ ዘዴ

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በኋላ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይሠራጭ በነበረው የፕላዝማ ትምህርት ላይ ከተሰነዘሩት ነቀፌታዎች አንዱ፣ መምህሩ ሥርጭቱን ሊያቆመውም ሆነ ሊመልሰው አለመቻሉ ነበር። ዛሬ ፊልም በኮምፒውተር ተይዞ ሲቀርብ ይህ ዕንቅፋት የለም። አሠልጣኙ በዚህ ዕድል ለመጠቀም የሚከተሉትን ሦስት ተግባራት ሊፈጽም ይገባዋል።

አንደኛ፣ የመጀመሪያው ሥዕል እንደታየ ፊልሙ ይቆማል። ሠልጣኞች ኮረብታው ለምን እንደተራቆተ፣ በቅድሚያ ምን እንደሚሠሩና ውጤቱ በስንት ዓመት እንደሚታይ ግምታቸውን በጽሑፍ ያሰፍራሉ።

ሁለተኛ፣ ፊልሙ በአሥር ደቂቃ ያህል ክፍልፋይ ይቀርባል፤ ዋናው ክፍል ድምፁ ተዘግቶ በድጋሚ ይታያል። በዚህ ጊዜ ሠልጣኞች ራሳቸው በሚያስተምሩበት ቋንቋ ምክንያትና ውጤቱን እየተቀባበሉ ያስረዳሉ። የገባውና ያልገባው የሚለየው በዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ የፊልሙ አገር ከራስ አገር ጋር ይነጻጸራል። የሎይስ አፈር በብዙ ስፍራ ከ100 ሜትር በላይ ጥልቀት ስላለው፣ የላይኛው ሲታጠብ ከሥሩ ሌላ አፈር ይገኛል። በኢትዮጵያ ደጋማ ተዳፋቶች ግን ብዙውን ጊዜ ስስ አፈር በዐለት ላይ ተነጥፎ ስለሚገኝ፣ እርሱ ከታጠበ የሚቀረው ዐለቱ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ተዳፋት ማረስን ለተዉ ገበሬዎች እህልና ገንዘብ በካሣ መልክ ሰጥታለች። በትግራይ የምትገኘው አብርሃ ወአጽብሃ ደግሞ በአካባቢ እንክብካቤ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማትን አግኝታለች። ከዚህ በመነሣት ሊታለፍ የማይገባው ጥያቄ ይቀርባል፤ ኮረብታው ሲከለል ሌላ ግጦሽ የሌለው ገበሬ ከብቶቹን ወዴት ይነዳል? ሠልጣኙ ነገ የሚያስተምራቸው ሕፃናት የዚሁ ገበሬ ልጆች ናቸውና፣ ጥያቄው ከቤታቸው ይዘውት የሚመጡት ነው።

ከፊልሙ ወደ መሬቱ

ከተመራቂዎች ብዙዎቹ መብራት ወዳልገባባቸው ትምህርት ቤቶች ይመደባሉ። ስለዚህ በፊልም የታየው ያለ ፊልም ሊደገም ይገባል። ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች በቁመታቸው ጎናቸው ተከፍቶ አፈር ይሞላባቸዋል፤ አንዱ ባዶውን ይተዋል፣ ሌላው ከነሥሩ በተነሣ ሣር ይሸፈናል። በእኩል ተዳፋት ተጋድመው እኩል ውሃ ሲፈስባቸው፣ የሚወጣው ውሃ በሁለት ብርጭቆ ይጠራቀማል። በማግሥቱ በየብርጭቆው ሥር የዘቀጠው አፈር በማስመሪያ ይለካል።

በኮሌጁ አጠገብ ቦረቦር ካለ ደግሞ፣ ከአናቱ በተወሰነ ርቀት ካስማ ተተክሎ የቀረው ርቀት ከክረምት በፊትና በኋላ ይመዘገባል። በየዓመቱ በአንድ ወር ከአንድ ስፍራ ፎቶግራፍ ይነሣል። መዝገቡን ተመራቂው ለተተኪው ያስረክባል። በዚህ ዓይነት ፊልሙ ያሳጠረው ጊዜ በሙሉ ርዝመቱ በሠልጣኞች እጅ ይገባል።

ማጠቃለያ

የአንድ የሳይንስ ፊልም ትምህርታዊ ዋጋ የሚለካው በክፍሉ ውስጥ በቀሰቀሰው አድናቆት አይደለም። ተመራቂው ፊልምም መብራትም በሌለበት ተማሪዎቹን በአቅራቢያው ወዳለው ዳገት ወስዶ፣ «ትናንት የዘነበው ውሃ ወዴት ሄደ? ምን ይዞ ሄደ?» ብሎ ሲጠይቅና መልሱን ከመሬቱ ላይ እንዲያነቡ ሲያደርግ፣ ያን ጊዜ ፊልሙ ሥራውን ሠርቷል።