የውሻ እብጠት፦ ከምላጭ እስከ ብልቃጥ

«በውሻ ብልት ላይ የሚወጣው እብጠት ሰውንም ይይዛል» የሚለው ወሬ ይብቃ። አይይዝም። በሽታው ካንሰር ነው፤ ውሾች ሲገናኙ ሕዋሱ ራሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። እንደ ግራና ከተማ ውሻ ሳይታሰር በሚውልበት አገር እንስሳውን በድንጋይ ከማሳደድ ሐኪም ዘንድ መውሰድ ይሻላል፤ ቪንክሪስቲን የተባለው መድኃኒት በየሳምንቱ በደም ሥር ሲሰጠው አብዛኛው ውሻ ይድናል።

እብጠቱ ከውሻ ወደ ውሻ መሻገሩ በዘረመል ተረጋግጧል። ዲኤንኤው ከታመመው ውሻ ጋር አይገጥምም፤ ባሕር ማዶ ካለ ውሻ እብጠት ጋር ግን ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ከ43 አገሮች የተሰበሰቡ 546 እብጠቶችን መርምሮ፣ የሁሉም ምንጭ ከ4,000 እስከ 8,500 ዓመት በፊት የኖረ አንድ እንስሳ ነው ብሏል። ቀደም ሲል 11,000 ዓመት ገደማ ተብሎ ነበር። ስሌቱ የዘረመል ለውጥ በሚጠራቀምበት ፍጥነት ግምት ላይ ስለቆመ ቁጥሩ ገና ሊሻሻል ይችላል።

እንዲህ ያለው ንጽጽር የሚሠራው ናሙናው ሳይበላሽ ከደረሰ ብቻ ነው። ሁለት ናሙና ያስፈልጋል፤ ከእብጠቱና ከውሻው ጤነኛ አካል። ከእብጠቱ ሲቆረጥ የሞተውን መሐል ትቶ ሕያው የሆነውን ጠርዝ መውሰድ ነው። ናሙናው እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፎርማሊን ሥጋ ውስጥ የሚዘልቀው በሰዓት 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሥጋ ለቋንጣ እንደሚዘለዘለው ናሙናውም ከ5 ሚሊሜትር ያልበለጠ ውፍረት ይኑረው። ሙሉ እብጠት ብልቃጥ ውስጥ ቢወረወር በግራና ሙቀት ውጪው ሲጠበቅ ውስጡ ይበሰብሳል። የፎርማሊኑ መጠን ከሥጋው አሥር እጥፍ፣ አሲድነቱም የተስተካከለ ይሁን፤ አለዚያ ዲኤንኤው ይሰባበራል። ከ48 ሰዓት በላይ ቢቆይም ጉዳት አለው፦ ፎርማሊን ከዲኤንኤ ፊደላት አንዱን፣ ሲቶሲንን፣ ስለሚለውጠው የዲኤንኤ ማንበቢያው መሣሪያ ያልነበረ ለውጥ ያነብባል። ናሙናው ደሴ ወይም ቢሾፍቱ ወዳለ ላቦራቶሪ የሚጓዝ ከሆነና የሚፈለገው ዲኤንኤ ብቻ ከሆነ፣ ንጹሕ ኤታኖል ይመረጣል። አረቄ አይተካውም።

ለዚህ እብጠት ሕክምና የዘረመል ምርመራ ግድ አይደለም፤ ከእብጠቱ በመስታወት ላይ የተቀባ ናሙና በማይክሮስኮፕ ታይቶ ይለያል። ማስት ሴል በተባለው የውሻ ካንሰር ግን ኪት የሚባለው ዘረመል ላይ ያለው ለውጥ መድኃኒት ለመምረጥ ይረዳል። በሌሎቹ ካንሰሮች ማስረጃው ገና ስስ ነው፤ ውጤቱን ብቻ አይቶ መድኃኒት ማዘዝ አይገባም።

ብልቃጡ ላይ በሚለጠፍ ወረቀት የውሻው መለያ፣ የአካሉ ክፍልና የተቆረጠበት ሰዓት በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በኤታኖል ይታጠባል።