ናሽናልስ የ2019ን ዋንጫ በዕድል አልወሰዱም

የዋሽንግተን ናሽናልስን የ2019 ዋንጫ «ዕድል ቀንቷቸው ነው» የሚሉ ሰዎች ዛሬም ያጋጥሙኛል። ለምን እንደሚሉ ይገባኛል። ሜይ 23 ቀን ቡድናችን 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር፤ ኒውዮርክ ሜትስ አራት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎን ነው የሸኘን። እንዲህ የጀመረ ቡድን ኦክቶበር ላይ ሻምፒዮን ሲሆን ሰው ግራ ይገባዋል። እኔ ግን ያን ዓመት ከዳር እስከ ዳር ተከታትዬዋለሁና እንዴት እንደሆነ ላስረዳችሁ።

መጀመሪያ እግር ኳስ ብቻ ለምታዩ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 38 ጨዋታ ነው፤ ቤዝቦል 162። ስድስት ወር ሙሉ በየቀኑ ማለት ይቻላል ይጫወታሉ። ኳሱን የሚወረውረው ፒቸር አንድ ቀን ጨዋታ ከጀመረ ክንዱ እስኪያገግም አራት ቀን ያህል ያርፋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን አምስት የሚሆኑ ስታርተሮች ይይዛል። ስታርተሩ ሲደክም የሚተኩት ደግሞ ከቡልፔን ይመጣሉ። የኛ ስታርተሮች ከሊጉ ምርጦች ነበሩ። ቡልፔናችን ግን ከሊጉ ደካማዎች አንዱ ነበር።

ኮከባችን ብራይስ ሃርፐር ውድድሩ ሳይጀመር ለ13 ዓመት በ330 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ ወደ ፊላደልፊያ ሄዷል። ትሬ ተርነር ገና በኤፕሪል መጀመሪያ ጣቱ ተሰበረ፤ ሌሎችም ተጎዱ። ከሁሉ የከፋው ግን ወደ ጨዋታው መጨረሻ የሚመጣው ስምንተኛው ኢኒንግ (ዙር) ነበር። ማታ ማታ መኪና ውስጥ ሬዲዮ ከፍቼ ጨዋታውን የሚያስተላልፉትን ቻርሊ ስሎውስንና ዴቭ ጃግለርን እሰማለሁ። ስታርተሮቻችን ማክስ ሸርዘር ወይም ስቲቨን ስትራስበርግ ስድስት ሰባት ኢኒንግ አፍኖ ይዞ ያስረክባል፤ ተተኪው ገና ሁለት ሦስት ኳስ ሲወረውር የስሎውስ ድምፅ ሲቀየር የሚመጣውን አውቀዋለሁ። የፒቸሮቹ አሰልጣኝ በሜይ መጀመሪያ ተሰናበተ። ዋናው አሰልጣኝ ዴቭ ማርቲኔዝም ይባረር የሚለው ጩኸት በርትቶ ነበር። አለመባረሩ፣ በእኔ እምነት፣ የዚያ ዓመት ትልቁ ውሳኔ ነው። የተጎዱት ሲመለሱ ቡድኑ ከቀሩት 112 ጨዋታዎች 74ቱን አሸነፈ። ይሄን ሁሉ ጨዋታ በዕድል ማሸነፍ አይቻልም።

ሴፕቴምበር 3 ያየሁትን መቼም አልረሳውም። እነዚያው ሜትስ መጡ፤ የመጨረሻው ተራችን ሲደርስ 10 ለ 4 እየመሩን ነበር። አንድ በአንድ እየመቱ፣ እየተጠጉ መጡና ከርት ሱዙኪ ኳሷን ከሜዳው ውጭ ልኮ፣ ማለትም ሆም ረን መትቶ፣ ሦስት ነጥብ አስገባ። 11 ለ 10! ጎረቤት ይሰማኛል ሳልል ጮኽኩ።

ኦክቶበር ላይ ደግሞ ነገሩ በሙሉ ተገለበጠ፤ ብዙ ሰው የማያስተውለውም ይሄን ነው። በጥሎ ማለፉ በጨዋታዎች መሃል የእረፍት ቀን ይበዛል። ስለዚህ ማርቲኔዝ ደካማውን ቡልፔን ወደ ጎን ትቶ ስታርተሮቹን ራሳቸውን በተተኪነት ማስገባት ቻለ። ከሚልዋኪ ጋር በነበረው የሞት ሽረት ጨዋታ ሸርዘር ጀመረ፣ ስትራስበርግ ተተካ። በስምንተኛው 3 ለ 1 እየተመራን የ20 ዓመቱ ሁዋን ሶቶ የሚልዋኪው ፒቸር ጆሽ ሄደር የወረወረውን መታ፤ ኳሷ በቀኝ ተከላካዩ ጓንት ስር አልፋ ሦስት ነጥብ ገባ፤ 4 ለ 3 አለቀ። እሺ፣ ያቺ ኳስ ዕድል አለባት። ግን ስትራስበርግ ሦስት ኢኒንግ ዘግቶ ባይይዝ ኖሮ የሶቶ ምት ምን ይጠቅመን ነበር?

ከዚያ ዶጀርስ፣ ከዚያ ካርዲናልስ፣ ከዚያ ፍጻሜው፣ ወርልድ ሲሪስ፣ ከሂውስተን አስትሮስ ጋር። ወሳኙ ሰባተኛ ጨዋታ፣ ኦክቶበር 30። ስድስት ኢኒንግ አልቆ 2 ለ 0 ተመርተናል። በሰባተኛው አንቶኒ ሬንዶን ሆም ረን መታ፤ ሶቶ ቤዝ ላይ ቆመ፤ የ36 ዓመቱ ሃዊ ኬንድሪክ ወደ ቀኝ የመታው ኳስ የሜዳውን ወሰን የሚያመለክተውን ቢጫ ምሰሶ መታ። ምሰሶውን ከነካ ሆም ረን ነው። 3 ለ 2። ሦስት ኢኒንግ ስታርተሩ ፓትሪክ ኮርቢን ያዘ፤ በጁላይ መጨረሻ በዝውውር የመጣው ዳንኤል ሃድሰን ዘጋው፤ 6 ለ 2። ዋሽንግተን ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያ የወርልድ ሲሪስ ዋንጫዋን አገኘች።

አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል። በዚያ ወርልድ ሲሪስ ናሽናልስ ፓርክ የተደረጉትን ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈን አራቱንም ያሸነፍነው ሂውስተን ላይ ነው። ሁሉንም ጨዋታ እንግዳው ቡድን ያሸነፈበት ወርልድ ሲሪስ ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። እዚህ ያለነው ዋንጫውን ያየነው ከሦስት ቀን በኋላ፣ ኮንስቲትዩሽን ጎዳና ላይ በተደረገው ሰልፍ ነው። አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ባለው ሜዳችን፣ በራሳችን ሰው ፊት ሲያሸንፉ ማየት እፈልጋለሁ፤ እስከዚያው መከታተሌን አልተውም።